ሬዲዮው ቢቆራረጥም ስም እንዳይጠፋ፦ በአማተር ሬዲዮ ኔትወርክ ላይ የዲኤንኤስ ሰርቨር አተካከል

«በአይፒ ቁጥሩ ይከፍታል፣ በስሙ ስጠራው ግን ዝም ይላል።» ኮምፒውተሮቻቸውን በአማተር ሬዲዮ ካገናኙ ሰዎች ይህ ጥያቄ በስልክ ይመጣል፣ በቴሌግራም ይመጣል፣ ቡና ላይም ይመጣል። መልሴ ሁሌ ያው ስለሆነ አንዴ ልጻፈውና ልገላገል።

ነገሩ እንዲህ ነው። አራት ኪሎ ያለው የሬዲዮ ጣቢያ ዲኤንኤስ ሰርቨር (ስም ተቀብሎ የአይፒ ቁጥሩን የሚመልስ ኮምፒውተር) አለው፣ ሜክሲኮ ያለው የለውም። ሜክሲኮ ያለ ሰው አንድ ስም በጻፈ ቁጥር ጥያቄው በሬዲዮ አራት ኪሎ ይወጣል፣ መልሱም በሬዲዮ ይወርዳል። ሁለቱ ሰፈሮች በአየር መስመር ከ4 ኪሎ ሜትር አይበልጡም። መሃላቸው ግን ፎቅ በፎቅ ነው፤ ፓኬት (በአንዴ የሚላክ የመረጃ ቁራጭ) መጥፋቱ አይቀርም።

ስሌቱን እንየው። በ1200 ቢት በሰከንድ የሚሠራ ፓኬት ሬዲዮ በሰከንድ ቢበዛ 150 ባይት ያሳልፋል። አንድ የስም ጥያቄ ከነማሸጊያው ወደ 90 ባይት ነው። ከዚያ በፊት ሬዲዮው ለመነሳት ወደ 0.3 ሰከንድ ይወስዳል። መልሱን ስንጨምርበት፣ ቻናሉ ባዶ ቢሆን እንኳ ደርሶ መልሱ ወደ 2 ሰከንድ ነው። ቻናሉ ደግሞ ባዶ አይሆንም። ሊኑክስ ኮምፒውተር 5 ሰከንድ ጠብቆ መልስ ካጣ ያንኑ ጥያቄ ይደግማል። የተደገመው ጥያቄ ቻናሉን ያጨናንቃል፣ የተጨናነቀው ቻናል ሌላ ፓኬት ያስጠፋል። ከ5 ፓኬት 1 ቢጠፋ፣ ጥያቄውም መልሱም በመጀመሪያው ሙከራ የሚያልፉት ከ100 ጊዜ 64ቱን ብቻ ነው።

ስለዚህ ዘዴው አንድ ነው፦ ጥያቄ ሬዲዮ ላይ አይውጣ። እያንዳንዱ ጣቢያ ሙሉውን የስም ዝርዝር እቤቱ ይያዝ። በሬዲዮ የሚሄደው የዝርዝሩ ለውጥ ብቻ ይሁን። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ ይህን ለማድረግ ነው።

ከመጀመራችሁ በፊት አንድ ነገር። በሁለቱ ጣቢያዎች መካከል ፒንግ («አለህ ወይ?» የሚል ትንሽ የሙከራ መልእክት) ማለፍ አለበት። ድሬዎልፍ (የሬዲዮ ድምፅን ወደ መረጃ የሚለውጥ ፕሮግራም) ወይም ሌላ ሞደም ተጭኖ፣ ኤኤክስ.25 (የፓኬት ሬዲዮ መነጋገሪያ ሥርዓት) ተነስቶ፣ ፒንግ እየተንቀራፈፈም ቢሆን መመለስ አለበት። ፒንግ ካላለፈ የእናንተ ችግር ዲኤንኤስ አይደለም፤ ወደ አንቴናው ተመለሱ።

የሚያስፈልጉ ዕቃዎች

- ለእያንዳንዱ ጣቢያ አንድ ራዝቤሪ ፓይ (ትንሽ ባለ አንድ ሰሌዳ ኮምፒውተር) ወይም አሮጌ ላፕቶፕ፣ ዴቢያን ወይም ራዝቤሪ ፓይ ኦኤስ የተጫነበት
- የ2 ሜትር ባንድ ሬዲዮ፣ ከድምፅ ካርድና ከማሰራጫ መቆጣጠሪያ ገመዱ ጋር
- አንቴና፣ ኮአክሲያል ገመድ፣ ኮኔክተሩን የሚጠቀልል ውሃ የማያስገባ የጎማ ፕላስተር
- ዲኤስ3231 የሚባለው ትንሽ የሰዓት ሞጁል ከነባትሪው (ለምን እንደሆነ ደረጃ 1 ላይ ታያላችሁ)
- 12 ቮልት ባትሪ፣ ቻርጀር፣ ፊውዝ፣ እና ከ12 ወደ 5 ቮልት የሚያወርድ ኮንቨርተር
- አንድ ፍላሽ
- ደብተርና እስክሪብቶ። የአይፒ ቁጥሮቹን ወረቀት ላይ ጻፉ፤ ሰርቨሩ ሲሞት የቁጥሮቹ ዝርዝር አብሮት እንዳይሞት።

ኤሌክትሮኒክሱን መርካቶ ታገኛላችሁ። ለባትሪውና ለፊውዙ ሶማሌ ተራ ይቀላል። 7 አምፔር አወር የሆነ ባለ 12 ቮልት ባትሪ ግማሹን ብቻ ብትጠቀሙ 42 ዋት አወር ይሰጣል። 4 ዋት የሚበላ ፓይን ለብቻው ወደ 10 ሰዓት ያቆያል ማለት ነው። ሬዲዮው ሲያሰራጭ የሚበላው ከዚህ ውጭ ነው፤ ለእሱ ተለቅ ያለ ባትሪ ግዙ።

ማስጠንቀቂያ

ያለ ፈቃድ አታሰራጩ። ፈቃድ የሚሰጠው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። ፈቃድ የሌለው ሰው አምስት ኪሎ ቴክኖሎጂ ግቢ ያለውን ኢቲ3ኤኤ የክለብ ጣቢያ ጠይቆ ይጀምር።

በሬዲዮው ላይ ምስጢራዊ ኮድ አትጠቀሙ። የአማተር ሬዲዮ መልእክት ትርጉሙ እንዲደበቅ ተደርጎ አይላክም። ስለዚህ የስም ጥያቄን በምስጢር የሚልኩት ዲኤንኤስ ኦቨር ቲኤልኤስና ዲኤንኤስ ኦቨር ኤችቲቲፒኤስ በሬዲዮ መስመር ላይ አይሆኑም። ፊርማ ግን ሌላ ነው። ፊርማ ላኪውን ያረጋግጣል እንጂ ጽሑፉን አይደብቅም።

አንቴና ሳይሰካ አታሰራጩ፤ ሬዲዮው ሊቃጠል ይችላል። ፊውዙ ከባትሪው ፖዘቲቭ አጠገብ ይሁን፤ ሩቅ ከሆነ መሃል ላይ ሾርት ያደረገ ገመድ ፊውዙ ሳይነካ ይቃጠላል። አንቴና ጣሪያ ላይ ስትሰቅሉ የመብራት ሽቦው የት እንደሆነ መጀመሪያ እዩ። ምሰሶው ቢወድቅ እንኳ ሽቦው ጋ እንዳይደርስ። ደመና ሲጠቁር ጣሪያ ላይ አትገኙ።

አሠራሩ

የማዘዣዎቹን ስም እንደሚነበቡ ነው የጻፍኩት። ፋይሉ ውስጥ ስታስገቡ በላቲን ፊደል ነው።

1. መጀመሪያ ሰዓቱን አስተካክሉ።
ብዙ ሰው የሚዘለው ደረጃ ነው። አብዛኞቹ ራዝቤሪ ፓይ ባትሪ ያለው ሰዓት የላቸውም። መብራት ሄዶ ሲመጣ፣ ኢንተርኔትም ከሌለ፣ ማሽኑ ያለፈው ጊዜ ላይ ቆሞ ይነቃል። ደረጃ 5 ላይ የምንጠቀመው ፊርማ ደግሞ በሁለቱ ሰርቨሮች ሰዓት መካከል ከ5 ደቂቃ በላይ ልዩነት ካየ አይቀበልም። ዲኤስ3231ን ሰኩ፣ ሲስተሙ ሲነሳ ሰዓቱን ከእሱ እንዲያነብ አድርጉ፣ ከዚያ ነቅላችሁ ሰክታችሁ አረጋግጡ።

ሰዓቱን በእጅ የምትሞሉ ከሆነ ተጠንቀቁ። ጠዋት 3 ሰዓት ነው ብሎ 03:00 ያስገባ ሰው አውቃለሁ። ማሽኑ የሚፈልገው 09:00 ነበር። ስድስት ሰዓት ሙሉ ወደኋላ ቀረ፤ ሁለት ቀን አንቴና ሲፈትሽ ከረመ።

2. ባይንድ 9ን (የዲኤንኤስ ሰርቨር ፕሮግራም ነው) በሁለቱም ማሽን ላይ ጫኑ።
ኢንተርኔት ባለበት ቦታ ጫኑት፣ ጣቢያው ላይ ከወሰዳችሁት በኋላ አይሆንም። በ150 ባይት በሰከንድ ሶፍትዌር ማውረድ አይታሰብም። ባይንድን የመረጥኩት ዋናውንም ምክትሉንም በአንድ ፕሮግራም ስለሚሠራ ነው። ከዚህ በኋላ ዝርዝሩ የሚጻፍበትን፣ አራት ኪሎ ያለውን፣ «ዋናው»፣ ግልባጩን የሚይዘውን፣ ሜክሲኮ ያለውን፣ «ምክትሉ» እላቸዋለሁ።

3. የዞን ስም ምረጡ።
ዞን የምንለው በአንድ የጋራ መጨረሻ ስም ሥር ያለውን የስሞች ዝርዝር ነው። በ«ኢንተርናል» የሚያልቅ ስም ውሰዱ። ለግል ኔትወርክ ተብሎ በ2024 የተከለለ መጨረሻ ነው፤ ኢንተርኔት ላይ ማንም አይገዛውም። እኔ «ሸገር.ኢንተርናል» ብዬዋለሁ። በ«ሎካል» የሚያልቅ ስም አትውሰዱ። እሱ ለሌላ አሠራር የተያዘ ነው፤ ብዙ መሣሪያ ሰርቨራችሁን ሳይጠይቅ በራሱ መንገድ ይፈልገዋል።

ስሞቹ አጭር ይሁኑ። «ሜል»፣ «ካርታ»፣ «ዜና» በቂ ናቸው። በግዕዝ ፊደል ስም ማውጣት ይቻላል፣ ያምራልም። ነገር ግን በሽቦው ላይ ሲሄድ ወደ ረጅም የላቲን ኮድ ይለወጣል። እዚህ ደግሞ የምንቆጥረው ባይት ነው።

ለአይፒ ከ10 የሚጀምረውን የግል አድራሻ ተጠቀሙ። ከ44 የሚጀምር የአማተር ሬዲዮ አድራሻ በስማችሁ ተመዝግቦ ከተሰጣችሁ እሱንም ትችላላችሁ። ከኪሳችሁ አውጥታችሁ ግን አትውሰዱ።

4. ዋናው ላይ የዞን ፋይሉን ጻፉ።
ስሞቹን መደርደር ቀላል ነው፤ ቁም ነገሩ ከላይ የሚቀመጡት ቁጥሮች ናቸው። እኔ የምጠቀምባቸው እነዚህ ናቸው፣ ሁሉም በሰከንድ፦

- ሪፍሬሽ 21600፣ ማለትም 6 ሰዓት። ምክትሉ «ለውጥ አለ ወይ?» ብሎ የሚጠይቅበት ልዩነት ነው። ለውጥ ሲኖር ዋናው ራሱ ኖቲፋይ («ዝርዝሩ ተቀይሯል» የሚል መልእክት) ይልካል። ይህኛው ኖቲፋዩ መንገድ ላይ ለጠፋ ጊዜ ነው።
- ሪትራይ 3600፣ ማለትም 1 ሰዓት። ምክትሉ ዋናውን ሲያጣ መልሶ የሚሞክርበት ነው። «ቶሎ ቶሎ ይሞክር» ብላችሁ 60 አታድርጉት። መስመሩ በታመመ ሰዓት ሁሉም ምክትሎች ተሰብስበው የሚደበድቡት ያኔ ነው።
- ኤክስፓየር 2419200፣ ማለትም 28 ቀን። ምክትሉ ዋናውን ሳያገኝ ስንት ቀን መመለሱን እንደሚቀጥል የሚወስነው ይህ ነው። ጊዜው ሲያልፍ ምክትሉ ዝርዝሩ እጁ ላይ እያለ መመለስ ያቆማል። አንድ ሳምንት ብላችሁ ብትጽፉና ሐምሌ ላይ ምሰሶ ቢወድቅ፣ ጣሪያው እስኪደርቅ ድረስ ስሞቹ ሁሉ ይጠፋሉ።
- የ«የለም» መልስ ዕድሜ 300፣ ማለትም 5 ደቂቃ። አዲስ ስም ስትጨምሩ «የለም» የተባለ ማሽን ለረጅም ጊዜ እንዳያምን።
- የስሞቹ ዕድሜ፣ ማለትም መልስ ያገኘ ማሽን እንደገና ሳይጠይቅ የሚያስታውስበት ጊዜ፣ 86400፣ አንድ ቀን። ጣቢያ በየቀኑ ቤት አይቀይርም።

አሁን ወደ ሲሪያል ቁጥሩ። ምክትሉ ለውጥ መኖሩን የሚያውቀው ይህ ቁጥር በመጨመሩ ብቻ ነው። ፋይሉን አሻሽላችሁ ሲሪያሉን ካልጨመራችሁ ለምክትሉ ምንም አልሆነም። የተለመደው አጻጻፍ ዓመት፣ ወር፣ ቀንና የዕለቱ ተራ ቁጥር ነው። ለምሳሌ 2025092501።

እኔ የተያዝኩት እዚህ ላይ ነው። አንድ ቀን ማታ ደክሞኝ፣ ቀኑን ከግድግዳው ካላንደር አይቼ 2018011501 ብዬ ጻፍኩ። ቀኑ ትክክል ነበር፤ መስከረም 15 ነው። ለምክትሉ ግን 2018 ከ2025 ያነሰ ስለሆነ «ይህ አሮጌ ነው» ብሎ ዝም አለ። አንዲትም የስሕተት መልእክት ስልኬ ላይ አልመጣም። በኢትዮጵያ ቀን መጻፍ ራሱ ጥፋት አይደለም፤ ጥፋቱ መቀላቀል ነው። አንዱን ይዛችሁ ቀጥሉ። ከተቀላቀለ ደግሞ ወደ ትልቁ ቁጥር ተመለሱና አንድ ጨምሩበት።

ፋይሉን ካስቀመጣችሁ በኋላ «ኔምድ ቼክዞን» በሚለው ማዘዣ አስፈትሹት። የጠፋች አንዲት ነጥብ ሙሉውን ዞን ታስቀራለች። በስም መጨረሻ ላይ ነጥብ ካልተደረገ ባይንድ የዞኑን ስም ደግሞ ይለጥፍበታል። ውጤቱም «ሜል.ሸገር.ኢንተርናል.ሸገር.ኢንተርናል» ይሆናል።

5. ምክትሉን አዘጋጁ።
ምክትሉ ላይ ዞኑን «ሴከንደሪ» ብላችሁ አስገቡ፣ የዋናውን አይፒ ስጡት። በሁለቱም ላይ አንድ ዓይነት የቲሲግ ቁልፍ (ፊርማው የሚሠራበት የጋራ ምስጢር) አስቀምጡ። ሬዲዮ ላይ ማንም ሰው «እኔ ዋናው ነኝ» ሊል ይችላል። ቁልፉ ያንን ይከለክላል፣ ጽሑፉን ግን አይደብቅም። ቁልፉን በፍላሽ ውሰዱት እንጂ በሬዲዮ አትላኩት።

ሦስት ነገር ጨምሩ። ምክትሉ ላይ «ማስተርፋይል ፎርማት ቴክስት» በሉ። አለበለዚያ ዝርዝሩን በማይነበብ መልክ ያስቀምጠዋል፤ ችግር ሲመጣ ከፍታችሁ ማየት አትችሉም። ዋናው ላይ «አይኤክስኤፍአር ፍሮም ዲፈረንስስ» ለሚለው «ዬስ» በሉ። ይህ ከሌለ በእጅ ባረማችሁት ፋይል ላይ አንድ ስም ስትቀይሩ ሙሉው ዝርዝር እንደገና ይላካል። ካለ የተቀየረው ብቻ ይሄዳል። እንዲሁም ዋናው ላይ ዝርዝሩን መውሰድ የሚችለው ቁልፉን የያዘ ብቻ እንዲሆን ገድቡ።

የመጀመሪያውን ዝርዝር በሬዲዮ አትጠብቁ። ፋይሉን በፍላሽ ገልብጣችሁ ምክትሉ ላይ በቦታው አስቀምጡት። የፋይሉ ባለቤት የባይንድ ተጠቃሚ መሆኑን እዩ፤ ሩት (የሲስተሙ አስተዳዳሪ) ሆኖ ከቀረ፣ በኋላ ባይንድ ሊቸገርበት ይችላል። 40 ስም በሽቦ ላይ 1 ኪሎባይት ቢሆን ነው። ግን በቲሲፒ ነው የሚተላለፈው፤ ማረጋገጫው ሲሄድና ሲመለስ፣ አንዱ ሲጠፋና ሲደገም ደቂቃዎች ይበላል። በታክሲ ሜክሲኮ መድረስም አይፈጥንም፣ የትራፊኩን ነገር ታውቃላችሁ። ግን አንዴ ብቻ ነው።

6. መልሱን አሳንሱ።
«ሚኒማል ሪስፖንስስ» ለሚለው «ዬስ» በሉ። ባይንድ ሳይጠየቅ የሚጨምረውን ተጨማሪ መረጃ ይተዋል። ኤኤክስ.25 አብዛኛውን ጊዜ የሚሸከመው 256 ባይት ነው። ከዚያ 28 ባይት ለአይፒና ለዩዲፒ ማሸጊያ ሲቀነስ 228 ይቀራል። መልሱ ከዚህ ካለፈ ለሁለት ይቆረጣል፣ ከሁለቱ አንዱ ቢጠፋ ሁለቱም እንደጠፉ ይቆጠራል።

7. የሬዲዮውን በር ዝጉ።
ላፕቶፕ ስትከፍቱ ምን እንደሚሆን አንዴ አዳምጡ። ድሬዎልፍ መስኮት ላይ ዓይናችሁን ጣሉ፣ የሬዲዮውን ድምፅ ከፍ አድርጉ። ገና ምንም ሳትነኩ ጩኸቱ ይጀምራል። ማሻሻያ ይፈልጋል፣ ኢንተርኔት መኖሩን ይፈትሻል፣ ፕሪንተር ይጣራል። እያንዳንዱ ስም ደግሞ ሁለቴ ይጠየቃል፤ አንዴ ለአይፒ 4፣ አንዴ ለአይፒ 6። ይህ ሁሉ ቻናሉ ላይ ከወጣ ለሰው የሚተርፍ ቦታ የለም።

ስለዚህ ፋየርዎሉ ላይ፣ በሬዲዮው በኩል ፖርት 53 (የዲኤንኤስ ጥያቄ የሚያልፍበት በር) የሚወጣው ከሰርቨር ወደ ሰርቨር ብቻ ይሁን። በ«ሎካል» የሚያልቁ ስሞች የሚፈለጉበትን ፖርት 5353ን ጭራሽ ዝጉት። ነባሪው መንገድ፣ ዲፎልት ጌትዌይ የምንለው፣ በምንም ዓይነት በሬዲዮው በኩል አይሁን። ፋይበር ሲቋረጥ የፌስቡክ ጥያቄ በ2 ሜትር ባንድ እንዳይወጣ።

የኢንተርኔት ስሞችስ? ጣቢያው ኢንተርኔት ካለው ባይንድ በዚያ መስመር ይጠይቅ። ኢንተርኔት የሌለው ጣቢያ ላይ ግን ባዶ የሩት ዞን (የስሞች ሁሉ ቁንጮ) ፍጠሩ፣ ዲኤንኤስሴክ ቫሊዴሽን የሚባለውን የመልስ ፊርማ ፍተሻም አጥፉ። ያኔ ሰርቨሩ ለማያውቀው ስም ሁሉ ወዲያው «የለም» ይላል። ቶሎ የመጣ «የለም» ግማሽ ደቂቃ አስጠብቆ ከሚመጣ ዝምታ ይሻላል።

8. ተጠቃሚዎቹን ወደ እቤታቸው ሰርቨር አዙሩ።
ራውተሩ የሚያድለው የዲኤንኤስ አድራሻ እዚያው ጣቢያ ያለው ፓይ ይሁን። ሁለተኛ አድራሻ ብላችሁ ማዶ ያለውን አትስጡ፤ መሣሪያዎች ሁለተኛውን በፈለጉት ሰዓት ይጠይቃሉ፣ ልፋታችሁ ሁሉ ይፈርሳል።

9. የአንቴና ገመድ ሳትነቅሉ ፈትሹ።
መጀመሪያ የሁለቱንም ሰርቨር ሲሪያል «ዲግ» በሚባለው የስም መጠየቂያ ማዘዣ ጠይቁ፤ አንድ መሆን አለበት። በሬዲዮ ስትጠይቁ የመጠበቂያ ጊዜውን 15 ሰከንድ፣ ሙከራውን 1 አድርጉ። ከዚያ ዋናው ላይ አንድ ስም ጨምሩ፣ ሲሪያሉን ጨምሩ፣ ዞኑን ሪሎድ አድርጉ፣ ሻይ ጠጡ። ምክትሉ ላይ ስሙ መምጣት አለበት።

ቀጥሎ መስመሩን ግደሉት። አንቴናውን ሳይሆን ድሬዎልፍን አቁሙ። ምክትሉ ያለበት ጣቢያ ላይ የሁሉንም ስም ጠይቁ። መልስ ከአንድ ሰከንድ በታች ከመጣ ጨርሳችኋል። ከዘገየ የሆነ ጥያቄ አሁንም ወደ ሬዲዮ እያመለጠ ነው፤ ወደ ደረጃ 7 ተመለሱ። በመጨረሻ ፓይውን ከመብራት ነቅላችሁ መልሳችሁ ሰኩ፤ ሬዲዮው እንደጠፋ ይነሳና ይመልስ እንደሆነ እዩ። አዲስ አበባ ውስጥ ይህን ፈተና እናንተ ባትፈትኑት መብራት ራሱ ይፈትነዋል።

በተደጋጋሚ የማያቸው ስሕተቶች

ስልክ ላይ ብቻ ስሙ አይከፍትም። አንድሮይድ ላይ «ፕራይቬት ዲኤንኤስ» የሚባለው በርቶ ይሆናል። ሰርቨራችሁን አልፎ ውጭ ይጠይቃል፤ ውጭ ደግሞ «ሸገር.ኢንተርናል»ን የሚያውቅ የለም። አጥፉት። ብራውዘሮች ላይም «ሴኪዩር ዲኤንኤስ» የሚል ተመሳሳይ ነገር አለ።

ምክትሉ ሎግ ላይ «ባድታይም» ይላል። ሰዓት ነው። ወደ ደረጃ 1።

ሜሞሪ ካርዱ በየጥቂት ወሩ ይበላሻል። ሎግ ያለማቋረጥ እየተጻፈበት መብራት ሲቋረጥ ነው። ሎጉን ወደ ራም አዙሩት። የዞን ፋይሉ ካርዱ ላይ ይቆይ፤ እሱ የሚጻፈው ለውጥ ሲኖር ብቻ ነው።

ዝናብ ሲጥል ሁሉም ነገር ይቆማል። ዝናቡ ራሱ 2 ሜትር ባንድን ብዙ አይጎዳም። ኮኔክተሩ ውስጥ የገባው ውሃ ነው። ገመዱን ፍቱ፣ ቁረጡ፣ አድርቁ፣ አዲስ ኮኔክተር ግጠሙ፣ በጎማ ፕላስተር ከታች ወደ ላይ ጠቅልሉ። ከላይ ወደ ታች ከጠቀለላችሁት መደራረቢያው ውሃ ይሰበስባል።

ሁለት ጣቢያ ሁሌ በአንድ ጊዜ ያወራሉ። ፎቅ ከልሏቸው አንዱ ሌላውን አይሰማም ማለት ነው፤ ለእያንዳንዳቸው ቻናሉ ባዶ ይመስላል። የአንዱን አንቴና ከፍ አድርጉ። ካልተቻለ ሁለቱም የሚሰሙት ሦስተኛ ጣቢያ ከፍ ያለ ቦታ ላይ አቁሙና በእሱ በኩል ይነጋገሩ። ያ ሦስተኛው ጣቢያ ላይም ምክትል ሰርቨር ጫኑበት፣ ከደረጃ 5 ጀምራችሁ።